በደሴና በኮምቦልቻ ቤት ሲከራዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤት ፍለጋ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ስንት ክፍል ነው፣ ስንት ብር ነው? ሦስት ወር ከተቀመጠበት በኋላ ስለ ቤቱ የሚያወራው ግን ሌላ ነው፤ ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የምጣድ ተራው መቼ እንደሚደርሰው፣ አከራዩ የውጭ በሩን በስንት ሰዓት እንደሚቆልፉት ነው የሚያወራው። ተከራይ ከክፍሉ ጋር ግቢውንም፣ ግድግዳው የተደገፈውን አፈርም፣ የግቢውን ደንብም አብሮ እንደሚከራይ ብዙዎቻችን የምንረዳው ዕቃችንን ካስገባን በኋላ ነው። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹን ደሴም ኮምቦልቻም ተከራይቼ ስኖር ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ቤቱን በበጋ፣ ያውም በቀትር አይቶ መወሰን

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ሜዳ የሚባል መሬት እምብዛም የላትም፤ በመሆኑም ብዙው ቤት የሚሠራው ዳገቱ ተቆርጦ ነው። እንዲህ ባለ ቤት የጓዳው ግድግዳ ከኋላው ካለው አፈር ጋር ይያያዛል፤ ሐምሌና ነሐሴ አፈሩ የጠጣውን ዝናብም ግድግዳው በተራው ይጠጣዋል። በግንቦት ወር የተከራየሁት አንድ ቤት ቀለሙ ገና ይሸት ነበር፤ አዲስ የተቀባው ግን ከወገብ በታች ብቻ መሆኑን አይቼ ምክንያቱን አልጠየቅሁም። ነሐሴ ላይ ፍራሹን ባነሳሁት ጊዜ ግድግዳውን የተጠጋው ጎኑ አረንጓዴ ለብሶ አገኘሁት፤ ጥግ የተቀመጠው መሶብም ሻግቷል። ለአከራዬ ባሳየኋቸው ጊዜ «አብሽር፣ መስከረም ሲጠባ ይደርቃል» አሉኝ። እውነትም ግድግዳው ደረቀ፤ ፍራሹ ግን ተጣለ።

ስለዚህ ቤት የሚያይ ሰው የፊት ለፊቱን ሳሎን ትቶ በቀጥታ ወደ ኋለኛው ግድግዳ ይሂድ፤ ቁም ሣጥን ካለ ከጀርባው እጁን አስገብቶ ግድግዳውን ይዳብሰው። ያበጠ ቀለም፣ እንደ ጨው የነጣ ልስን፣ በኮርኒሱ ማዕዘን ላይ የሚታይ ቡናማ ቀለበት ሁሉም የክረምቱን ታሪክ ይናገራሉ። ከበላይ ካለው ጎረቤት ጣሪያ የሚወርደው ውሃ በየት በኩል እንደሚፈስም መታየት አለበት፤ ቦይ ከሌለው መንገዱ በእርስዎ ግቢ ውስጥ ነው።

ኮምቦልቻ ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ብትርቅም፣ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ቆላ ቀመስ ከተማ በመሆኗ ችግሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚያስቸግረው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቤት ጠዋት በብርዱ አይተው «ቀዝቃዛና ደስ የሚል ነው» ብለው የተዋዋሉ ሰዎች ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ።

«ውሃ አለ?» ብሎ መጠየቅ

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ምንጊዜም «አለ» ነው፤ ውሸትም አይደለም፣ ቧንቧው አለና። መጠየቅ ያለበት ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የሚመጣው በቀን ይሁን በሌሊት፣ ሮቶ ካለም ተከራይ ከእሱ የመቅዳት መብት ያለው መሆኑ ነው። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲያዩት የማያልቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በሃያ ሊትር ጀሪካን ሲሰፈር ሃምሳ ጀሪካን ብቻ ነው፤ በግቢው ስድስት ቤተሰብ ካለ ለአንዱ የሚደርሰው ስምንት ነው። ፈረቃው ሳምንት ካለፈ ስምንት ጀሪካን ለልብስ አጠባም አይበቃም። ይህን አከራዩን ከመጠየቅ ይልቅ በግቢው ውስጥ ልብስ የምታጥብ ተከራይ ካለች እሷን መጠየቅ ይሻላል። የሚጠየቅ ሰው ካልተገኘ በየበሩ የተደረደሩትን ጀሪካኖች መቁጠር በቂ ነው።

ስለ ቆጣሪው ሳይነጋገሩ መግባት

የመብራት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ላይኛው እርከን ስለሚወጣ፣ አምፖልና ስልክ ቻርጅ ብቻ የሚጠቀመውም ሰው የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው ኖሮ ከሚከፍለው በላይ ይከፍላል። ክፍያው በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ በክፍል፣ ምጣድ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው ከመግባት በፊት መለየት አለበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ስለሚስብ ብዙ አከራዮች ይከለክሉታል፤ ያ ማለት እንጀራ በየቀኑ ከሱቅ ይገዛል ማለት ነው፤ ወጪው ሲደመርም ርካሽ የመሰለው ኪራይ ርካሽ ሆኖ አይቀጥልም።

ርቀትን በኪሎ ሜትር ብቻ መለካት

ደሴ ላይ ሁለት መቶ ሜትር ማለት ዳገት ከሆነ ሌላ ትርጉም አለው፤ በተለይ አሮጊት እናት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የጋዝ ሲሊንደር ላለበት ቤት። በ2009 ዓ.ም በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎችም ማታ ሲወጡ ባጃጅ የሚደርስበትን ቦታ አስቀድመው ማወቅ ይኖርባቸዋል።

የግቢውን ደንብ አለመጠየቅ

ወሎ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ መኖሩ የተለመደ ስለሆነ ከሌላ አገር የመጡ ተከራዮች የሚሰጉት በዚህ በኩል ነው፤ እኔ ባየሁት ግን የፆምና የበዓል ጉዳይ በጎረቤቶች መካከል በራሱ መላ ያገኛል። ሰዎችን የሚያጣላው የሽንት ቤት ማጽጃ ተራ፣ የጋራ ማድቤቱ ጥላሸትና የእንግዳ ጉዳይ ነው። እህትዎ ከገጠር መጥታ ሁለት ሳምንት ብትቆይ አከራዩ ተጨማሪ የውሃ ሒሳብ ይጠይቃሉ? የውጭ በሩ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል? ይህን አስቀድሞ መጠየቅ እንደ ድፍረት አይቆጠርም፤ «እማማ፣ የቤቱን ሥርዓት ይንገሩኝ» ብሎ የሚጀምር ሰው በአክብሮት ነው የሚስተናገደው።

በቃል ተስማምቶ ገንዘብ መስጠት

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች በመሆኑ፣ በሚከራዩበት ከተማ ተፈጻሚ መሆኑን ከከተማ አስተዳደሩ ማጣራት ያስፈልጋል። ተፈጻሚ ባይሆንም እንኳ የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ ተከራይ፣ ቤቱ ባይስማማው ገንዘቡ እንደሚያስረው ማሰብ አለበት። ለደላላም ቢሆን ቤቱ ሳይታይና የሚያከራየው ሰው ባለቤት ወይም ሕጋዊ ወኪል መሆኑ ሳይረጋገጥ ቀብድ አይሰጥም። ውሉ በሚፈረምበት ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹ ንባብ በውሉ ጀርባ ይጻፍ፤ ሁለቱም ወገኖች ከንባቡ ሥር ይፈርሙበት፤ የግድግዳዎቹ ፎቶግራፍም ዕቃው ከመግባቱ በፊት በስልክ ይነሣ።