«አምናለሁ» ስንል ምን ማለታችን ነው? የዮሐንስን ወንጌል በ21 ቀን፣ በደብተርና በእርሳስ

«አመነ» በአማርኛ ሥራ የበዛበት ግስ ነው። ተከሳሽ ጥፋቱን ያምናል፤ ሰው ወዳጁን ያምናል፤ ምእመን በአምላኩ ያምናል። ፍርድ ቤት ደግሞ «እምነት ማጉደል» የሚባል ወንጀል አለ፤ እዚያ ጉዳዩ በአደራ ተሰጥቶ የተበላ ገንዘብ ወይም ንብረት ነው። ብዙዎቻችን «በኢየሱስ አምናለሁ» ስንል በልባችን የያዝነው የተከሳሹን ትርጉም ነው፤ «እውነት ነው፣ አልክድም» እንደ ማለት። የዮሐንስ ወንጌል የሚናገረው ግን ለአደራው የቀረበ ነገር ነው፤ ራስን አሳልፎ በሌላ እጅ ማኖር።

ልዩነቱን ዕቁብ የሚጥል ሰው በቀላሉ ያየዋል። «ይሄ ዕቁብ አስተማማኝ ነው፣ ዳኛውም ሐቀኛ ናቸው» ብሎ መመስከር ምንም አያስከፍልም። በየሳምንቱ ብሩን የሚጥለው ግን ገንዘቡ ከኪሱ ወጥቷል፤ ዳኛው ቢከዱት ይጎዳል። ያዕቆብ በመልእክቱ «አጋንንት ደግሞ ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል» ያለው (2፥19) ስለ መስካሪው ነው። አጋንንት የኢየሱስን ማንነት ከብዙ ሰው በፊት አውቀዋል፤ አንዳቸውም ግን ራሱን አልሰጠውም።

እንግዲህ ይህን ነገር በስብከት ከመስማት ይልቅ በገዛ ዓይን አይቶ ለመለየት የሚያስችል የንባብ ዘዴ እነሆ። የዮሐንስ ወንጌል የተመረጠበት ምክንያት አለ። በግሪኩ «ማመን» የሚለው ግስ በዚህ ወንጌል ውስጥ 98 ጊዜ ይገኛል፤ በማቴዎስ፣ በማርቆስና በሉቃስ ያለው ተደምሮ ግማሹን አይደርስም። «እምነት» የሚለው ስም ግን አንድ ጊዜ እንኳ የለም። ጸሐፊው ማመንን እንደሚደረግ ነገር እንጂ እንደ ንብረት አልቆጠረውም።

የሚያስፈልገው

መጽሐፍ ቅዱስ (የ1954ቱ ትርጉም ወይም አዲሱ መደበኛ ትርጉም፤ ሁለቱም ካሉ ደግሞ እሰየው)፣ ደብተር፣ እርሳስ፣ በቀን 25 ደቂቃ። ወንጌሉ 21 ምዕራፍ ስለሆነ በቀን አንድ። አጭሮቹ 25 ቁጥር፣ ረጅሙ ምዕራፍ 6 ደግሞ 71 ቁጥር ነው፤ እሱን ጠዋት እስከ ቁጥር 40፣ ማታ የቀረውን አድርጉት።

ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ከልጅነት የምናውቀውን ጥቅስ ዓይን ይዘለዋል፤ ምላስ ግን አይዘልም። ድምፅ ማውጣት ለማይቻላቸው፣ ለምሳሌ በዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ፣ የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ በስልክና በጆሮ ማዳመጫ ይበቃል፤ ምዕራፉን ሁለት ጊዜ ማዳመጥ ነው።

ደብተሩን በሦስት ዓምድ ክፈሉት፦ ማን አመነ (ወይም እምቢ አለ)? ምን አይቶ ወይስ ምን ሰምቶ? ከዚያስ ምን አደረገ? ሦስተኛው ዓምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል። አትሙሉት፤ ባዶነቱ ራሱ መልስ ነው።

አንድ ሰዋስው ደግሞ ልብ በሉ። አማርኛችን «አመነው» እና «በእርሱ አመነ» ብሎ ይለያል። የተናገረውን እውነት ነው ብሎ መቀበል አንድ ነው፤ «በ» ሲገባ ግን ሰውየው ራሱ መደገፊያ ሆነ። ዮሐንስም በግሪኩ «ወደ እርሱ ማመን» ሊባል የሚችል፣ ለጆሮ እንግዳ የሆነ አነጋገር ደጋግሞ ይጠቀማል። ሁልጊዜ አጥብቆ ይለያል ማለት አይደለም፤ ቢሆንም «በእርሱ» ባገኛችሁበት ሁሉ በእርሳስ አስምሩ።

የሚቆሙባቸው ቀናት

ሁሉም ምዕራፍ እኩል አይመዝንም። በሁለተኛው ቀን መጨረሻ ላይ (2፥23-25) ብዙዎች ምልክቶቹን አይተው በስሙ አመኑ ይላል፤ ኢየሱስ ግን አይተማመናቸውም ነበር። በግሪኩ ሁለቱም ቦታ ያው አንድ ግስ ነው። እነሱ አመኑት፣ እሱ አላመናቸውም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ካላስተዋላችሁ የቀረው ወንጌል ይደበዝዛል፤ ተአምር ያስከተለው ማመን ሁሉ እዚህ ቤት ተቀባይነት አለው ማለት አይደለም።

በአራተኛው ቀን ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሳምራዊቷ ሴትና የቅፍርናሆሙ ሹም። (የኛ አንባቢ እዚህ ዕድለኛ ነው። «ስድስት ሰዓት ያህል ነበረ» ሲል ቀትር መሆኑን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም፤ የወንጌሉ ሰዓት እንደኛው ከንጋት ይቆጠራል።) ሹሙ ልጁ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ቃና ድረስ መጥቶ «ውረድ» ብሎ ለመነ። ያገኘው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ልጅህ በሕይወት አለ፣ ሂድ። ቃሉን አምኖ ሄደ። ልጁን አላየም፣ ማረጋገጫም አልያዘም። ባሪያዎቹ በመንገድ አግኝተውት «ትናንት በሰባት ሰዓት ንዳዱ ለቀቀው» ያሉት በማግስቱ ነው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «ሄደ» ብላችሁ ጻፉ። ከዚህ የተሻለ የማመን ፍቺ ፍለጋ ብዙ መድከም አያስፈልግም።

ምዕራፍ 6 ላይ አምስት ሺህ ወንዶች እንጀራ በልተው ሊያነግሡት ፈለጉ። በማግስቱ ሲፈልጉት «እንጀራን ስለ በላችሁና ስለ ጠገባችሁ» ነው የመጣችሁት አላቸው (6፥26)። ምዕራፉ ሳያልቅ ብዙ ደቀ መዛሙርት ወደ ኋላ ተመለሱ። የቀረው ጴጥሮስም ሁሉን ተረድቶ አልቀረም፤ «ወደ ማን እንሄዳለን?» ነው ያለው። ሁሉ ካልገባኝ አላምንም ለሚል ሰው ይህ መልስ ይጠቅመዋል።

በምዕራፍ 8 ቁጥር 30 እና 31 «ያመኑ» ሰዎች አሉ። በቃሌ ብትኖሩ በእውነት ደቀ መዛሙርቴ ናችሁ ተባሉ። ቁጥር 59 ላይ ድንጋይ አነሡበት። የሆነው ሁሉ በአንድ ንግግር ውስጥ ነው። ስለዚህ ማመን ከጀመሩ በኋላ መቆየት የሚባል ነገር አለ፤ ምዕራፍ 15 ላይ «ማመን» የሚለው ቃል ጨርሶ ጠፍቶ «በእኔ ኑሩ» የሚለው የሚደጋገመውም ያለ ምክንያት አይመስለንም።

ዘጠነኛው ቀን ከሁሉ ይበልጣል፤ ከተቻለ ሁለት ቀን ስጡት። ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ኢየሱስን የሚጠራበትን ስም በቅደም ተከተል ጻፉ። ቁጥር 11 ላይ «ኢየሱስ የሚባለው ሰው»፣ ቁጥር 17 ላይ «ነቢይ»፣ ቁጥር 33 ላይ ከእግዚአብሔር የመጣ፣ ቁጥር 38 ላይ «ጌታ ሆይ፣ አምናለሁ» ብሎ ሰገደለት። በመካከሉ ያለውን ደግሞ አትዝለሉት፤ በቁጥር 34 ወደ ውጭ ተጥሏል። ወላጆቹ ይህንኑ ፈርተው ነበር «ሙሉ ሰው ነው፣ ጠይቁት» ያሉት። ከምኵራብ መውጣት ማለት በኛ አገር ከእድር እንደ መሰረዝ ነው፤ ለቅሶህን የሚደርስልህ የለም ማለት ነው። ልጁ ያንን ከፍሎ ነው የሰገደው።

አሁን ወደ 12፥42 ሂዱ። ከአለቆች ብዙዎች በእርሱ አመኑ፤ ነገር ግን ከምኵራብ እንዳይወጡ ፈርተው አልመሰከሩም። ዛቻው አንድ ነው፣ የዕውሩና የአለቆቹ ሦስተኛ ዓምድ ግን የተለያየ ነው። «በእርሱ» የሚለውም ቃል አለ፤ ከሱ ጋር የተያያዘው ፍርሃት ግን ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ አድርጎታል።

በነዚህ ሰዎች ላይ ለመፍረድ ግን አትቸኩሉ። ኒቆዲሞስም ከነሱ አንዱ ነበር። በምዕራፍ 3 በሌሊት መጣ። በምዕራፍ 7 በሸንጎ መካከል አንድ የሕግ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። በምዕራፍ 19 መቶ ንጥር የከርቤና የእሬት ቅልቅል ተሸክሞ በአደባባይ መጣ፤ በኛ ሚዛን ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ለሦስቱም ጊዜያት በደብተሩ የየራሳቸውን መስመር ስጧቸው። ቤተሰቡ የሚቃወመው፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ካለ ይህን ሰው ያንብብ።

ምዕራፍ 18 እና 21 ላይ «ማመን» የለም። በአንደኛው ጴጥሮስ ፍም እሳት ዳር ሦስት ጊዜ ካደ፤ በሌላው ፍም እሳት ዳር «ትወደኛለህን?» ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠየቀ። «አሁን ታምናለህን?» አልተባለም።

ይዘቱን አትርሱ

በአደራ መስጠት ሲባል ማንን እንደሚሰጡ አለማወቅ ማለት አይደለም። ጳውሎስ የተቀበለውን አሳልፎ ሲሰጥ አራት ግሶች አሉት (1ኛ ቆሮንቶስ 15፥3-5)፦ ሞተ፣ ተቀበረ፣ ተነሣ፣ ታየ። መልእክቱ የተጻፈው ከስቅለቱ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ ካዩት ከአምስት መቶ ከሚበልጡት የሚበዙት ገና በሕይወት እንዳሉ ይናገራል። ጸሎተ ሃይማኖትን (የቤተ ክርስቲያንን የእምነት መግለጫ) የሚያውቅ ደግሞ በኒቅያ በ325 እ.ኤ.አ. እና በቁስጥንጥንያ በ381 እ.ኤ.አ. የጸናውን ያንኑ ነገር በሰፊው በቃሉ ይዟል። ችግሩ በፍጥነት መባሉ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከየሐረጉ ቆም እያላችሁ «ይህ እውነት ከሆነ ሰኞ ምን ይለወጣል?» ብላችሁ ጻፉ።

የሚበላሽበት ቦታ

ስሜትን መጠበቅ አንዱ ነው። እንባ ሲመጣ «አመንኩ»፣ ሲደርቅ «ጠፋሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሹሙ ስለ ስሜቱ የተጻፈ አንዳች ነገር የለውም፤ መንገዱ ብቻ ተጽፏል።

ሁለተኛው ጥርጣሬን ከክህደት ጋር መደባለቅ ነው። ቶማስ «አላምንም» ካለ ከስምንት ቀን በኋላም ከአሥሩ ጋር አንድ ቤት ነበረ፤ አላባረሩትም፣ እሱም አልሄደም። በማርቆስ 9፥24 ያለው አባት ጸሎቱ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ነበር። ሁለቱ በአንድ አፍ ወጥተዋል። ጥርጣሬያችሁን በደብተሩ ጀርባ ጻፉት፤ ውስጥ ሲታፈን ነው የሚከፋው።

ሦስተኛው በሌላ ሰው እምነት መኖር ነው። በ40 ወይም በ80 ቀን መጠመቅ፣ ወይም በልጅነት እጅ አንሥቶ «ጌታን ተቀበልኩ» ማለት፣ ሁለቱም መነሻ ናቸው፤ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ጥምቀትና ስለ ምስጢራት የሚለያዩበት ሰፊ ጉዳይ ቢኖርም፣ መነሻውን መድረሻ የሚያደርግ የለም። የሰማርያ ሰዎች ለሴቲቱ «አሁን የምናምነው ስለ ቃልሽ አይደለም» አሏት።

ስለ ተአምርና ትንቢት ንግድ አንድ ነገር፤ ለጸሎት ወይም ለትንቢት ዋጋ የሚያስከፍል ካለ ተነሥታችሁ ውጡ። ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

አራተኛው ኪስ ጋ የማይደርስ ማመን ነው። ዘኬዎስ (ሉቃስ 19) ማንም ሳይጠይቀው የሀብቱን ግማሽ ለድሆች፣ የበደለውን ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። በዘሌዋውያን 6 በፈቃዱ ለሚናዘዝ የተደነገገው የወሰደውንና አንድ አምስተኛ ጭማሪ ነበር፤ እሱ የከበደውን መረጠ። በንባቡ ሦስተኛ ሳምንት አንድ ገጽ ክፈቱና ያለባችሁን ጻፉ፦ የማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ። ያልተመለሰ ብድር፣ የተካደ ውርስ፣ ለቤት ሠራተኛ ያልተከፈለ ደመወዝ። ከዝርዝሩ ትንሹን በዚያው ሳምንት ክፈሉ፤ ትልቁን ለመክፈል ባለቤቱ ዘንድ ሄዳችሁ ቀን ቁረጡ። ይህን ገጽ መዝለል የሚፈልግ ብዙ ነው፤ እስከዚህ በደስታ ያነበበም ጭምር።

ቀን ካመለጣችሁ ሁለት ምዕራፍ በአንድ ቀን አትደርቡ፤ 21ዱ 24 ቢሆን ምንም አይጎድልም።

ሲያልቅ ደብተሩን የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉ። በሐዋርያት ሥራ 8 ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ኢሳይያስን በሠረገላ ላይ ሲያነብ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሏል፤ ባለ ሥልጣን ነው፣ የንግሥቲቱ ገንዘብ ያዥ፣ ግን ለመጠየቅ አላፈረም። የንስሐ አባት ያለው ለንስሐ አባቱ፣ መጋቢ ያለው ለመጋቢው ያሳይ። ከደብተሩ ሦስት ጥያቄ ብቻ መርጣችሁ ውሰዱ፤ ከዚያ በላይ አይዳረስም። ቅዳሴ ወይም አምልኮ ሲያልቅ በር ላይ መያዝም አይሆንም፤ ሰው ይጎትታቸዋል። በሳምንቱ መካከል የግማሽ ሰዓት ቀጠሮ ጠይቁ።