ጉጉት የሚያበላሻቸው የጸደይ ደስታዎች

ጥቂት አትክልት መዝራት፣ ውጭ ተቀምጦ ማንበብ፣ ሙዚቃ መስማት። ጸደይ ሲገባ ከነዚህ የተሻለ መዝናኛ ብዙም የለም፤ ኪስም አይጎዱም። ብዙ ጊዜ የሚያበላሻቸው ጉጉት ነው። ቶሎ እንጀምራለን፣ አብዝተን እንጀምራለን፣ ከዚያ ሁሉንም ባንዴ ለማስኬድ እንሞክራለን። ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸውን እንያቸው።

አየሩን ብቻ አይቶ መዝራት

ሁለት ቀን ሞቅ ስላለ አፈሩ ሞቋል ማለት አይደለም። አፈር ከአየር ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ሰላጣ፣ አተር፣ ስፒናችና ራዲሽ (ሥሩ የሚበላ ትንሽ አትክልት) ብርድ ይችላሉ፤ አፈሩ 7 ወይም 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እያለም ይበቅላሉ። ፎሶሊያና ዝኩኒ ግን በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ውስጥ ሳይበቅሉ ይበሰብሳሉ። እነሱን አፈሩ 15 ዲግሪ ካለፈ በኋላ መዝራት ነው። የቲማቲም ችግኝም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱን እስኪያቆም ቤት ይቆይ።

ሲወጣም ባንዴ አይሁን። መስኮት ሥር ያደገ ችግኝ ጠንካራ ፀሐይና ነፋስ አያውቅም። ድንገት ከወጣ ቅጠሉ ይነጣል፣ ከዚያ ይደርቃል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለት ሰዓት ጥላ ውስጥ አውጡትና መልሱት። ሰዓቱን እየጨመራችሁ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን አለማምዱት።

ፓኬቱ እስኪያልቅ መዝራት

አንድ የሰላጣ ዘር ፓኬት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዘር ሊኖር ይችላል። ሁሉንም በአንድ ቀን ከዘራችሁት ሁሉም በአንድ ሰሞን ይደርሳል። ያን ሁሉ ሰላጣ ማን ሊበላው ነው? በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መዝራት ይሻላል። ዝኩኒማ ሁለት እግር ለአንድ ቤተሰብ ይተርፋል።

ጥልቀቱንም ልብ በሉ። ዘር የሚቀበረው የራሱን ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የሰላጣ ዘር ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ ስስ አፈር ብቻ ጣል ይደረግበታል። ካሮት ትዕግሥት ይፈታተናል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ድምፁን ሊያጠፋ ይችላል። በዚህ መሀል «አልበቀለም» ብሎ መደቡን መልሶ የሚቆፍር ሰው ሞልቷል።

ከበቀለ በኋላ ማሳሳት አለ፤ ተጠጋግቶ የበቀለውን ከመሀል እየነቀሉ ለቀሪው ቦታ መስጠት ማለት ነው። ነቅሎ መጣሉ ያሳዝናል። ግን በካሮቶቹ መካከል 5 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ካልተተወ የምታገኙት የእርሳስ ውፍረት ያለው ሥር ነው። የተነቀለውንም ሌላ ቦታ ልትተክሉት አትድከሙ፤ ሥሩ የተጎዳ ካሮት ሁለት ሦስት ቦታ ተከፍሎ ነው የሚያድገው።

ውሃ ማብዛት

የጀማሪ ችግኝ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ጠግቦ ነው። ሥርም አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ ከጨቀየ አየር የሚገባበት ክፍተት ሁሉ በውሃ ይሞላና ሥሩ ይታፈናል፤ ፈንገስም ይመቸዋል። ትንንሽ ችግኞች ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀጥኖ በአንድ ሌሊት ዘፍ ዘፍ ካሉ ጣታችሁን መጀመሪያ የምትቀስሩት ወደ ውሃ ማጠጫው ይሁን።

ጣት ካነሳን፣ ከሱ የተሻለ መለኪያ የለም። እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡት። እርጥበት ከተሰማችሁ ማጠጫውን አስቀምጡና ወደ መጽሐፋችሁ ተመለሱ። ደረቅ ከሆነ ጧት ላይ ጥሩ አድርጋችሁ አጠጡ። በየቀኑ ላይ ላዩን ብቻ ማርጠብ ሥሩ ወደ ታች እንዳይወርድ ያደርገዋል። ከዚያ አንድ የሚያቃጥል ቀን ይመጣና አትክልቱ አፈር ድሜ ይበላል። ገና ያልበቀለ ዘር ብቻ ነው ከዚህ የሚለየው፤ የሱ ላይኛው አፈር መድረቅ የለበትም።

በዕቃ የምትተክሉ ሰዎች የዕቃውን ቂጥ አገላብጣችሁ እዩ። ቀዳዳ ከሌለው የቱንም ያህል ቢያምር አትክልት አይያዝበት። ጥልቀቱም ይታሰብ፦ ለሰላጣ 15 ሴንቲሜትር ይበቃል፣ ለቲማቲም ከ30 ሴንቲሜትር አይነስ። ማዳበሪያም እንደ ውሃው ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ቲማቲም ቅጠሉ ግጥም ይላል፣ ፍሬው ግን የለም።

የአትክልት መጽሐፍ ላይ ያለውን ወር እንዳለ መውሰድ

ስለ አትክልት ማንበብ ደስ ይላል፤ አንዳንዴም ከመትከሉ ይጥማል። ግን መጽሐፉ የተጻፈው የት ነው? ጸደይ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ መጋቢት አካባቢ ሲጀምር በደቡቡ መስከረም አካባቢ ነው። «በዚህ ወር ዝሩ» የሚለውን ተዉትና የአፈሩን ሙቀት የሚናገረውን ገጽ ፈልጉ።

ንባብን የቤት ሥራ ማድረግ

«በዚህ ጸደይ ይሄን ያህል መጽሐፍ እጨርሳለሁ» ማለት ለኔ ደስታውን ከመነሻው መግደል ነው። ያልጣማችሁን መጽሐፍ መሀል ላይ ተዉት፣ ማንም አይከሳችሁም። ሌላው ቀላል ስህተት አቀማመጥ ነው። ቀጥታ ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ወረቀት ዓይን ያጭበረብራል፣ የስልክ ስክሪን ደግሞ ጭራሽ መስታወት ይሆናል። ጥላ ውስጥ ሁኑ።

ሦስቱን ባንዴ ማስኬድ

ግጥም ያለው ዘፈን ከፍቶ ማንበብ ከሁለት ያጣ ያደርጋል። የምታውቁት ቋንቋ ከሆነ ጆሮ ወደ ቃሉ ይሄዳል፣ ዓይን ያንኑ መስመር ሦስቴ ያነባል። ለንባብ ቃል የሌለው፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ይሻላል። እየኮተኮታችሁ ከሆነ ግን የፈለጋችሁትን ክፈቱ፤ ለማረም የሚያስፈልገው ሐሳብ ያን ያህል አይደለም።

ድምፁን ግን ተጠንቀቁ። ውጭ ነፋስና መኪና ስላለ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ሰው ሳያውቀው እየጨመረ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 80 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ችግር የለውም። 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን ገደቡ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው።

ሙዚቃውን ለቲማቲም መክፈት

ተክል ሙዚቃ ሲሰማ ቶሎ ያድጋል የሚባለው ነገር ለወሬ ያምራል። ተስፋችሁን ግን እሱ ላይ አትጣሉ። ፍሬ የሚሰጥ አትክልት በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ይህን ያጣ ቲማቲም በዘፈን አይድንም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1881 ስለ ምድር ትሎች ባሳተመው ጥናቱ አንድ የሚያስቅ ሙከራ አለ። ትሎቹ አጠገብ ፊሽካ ተነፋ፣ ባሱን የሚባለው ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያም ተነፋ፣ ፒያኖም ተመታ። ንቅንቅ አላሉም። ያሉበት ዕቃ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ኖታ ሲመታ ግን ወደ ጉድጓዳቸው ሸሹ። ያባረራቸው ንዝረቱ ነው። ስለዚህ ስፒከሩን መደቡ ላይ አታስቀምጡት፤ ትል ለአፈር ያስፈልጋል።

ለማየት ብሎ ሳይለቅሙ መተው

እንዲህ ተደክሞበት ያደገን ነገር መቁረጥ ያሳሳል። ቢሆንም ራዲሽ በአንድ ወር ገደማ ይደርሳል፤ ከቆየ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ዝኩኒ 20 ሴንቲሜትር ሳያልፍ ይቆረጥ። ፎሶሊያ ካልተለቀመ ማፍራቱን ይቀንሳል። ሰላጣ ሙቀት ሲበረታበት ዘንግ አውጥቶ ያብባል፣ ቅጠሉም ይመራል። እሱን ጧት ፀሐይ ሳይመታው፣ ከዳር ከዳር ያለውን ቅጠል ብቻ ልቀሙ፤ መሀሉ ሌላ ያወጣል።