አይጧን በእጅ ሥሎ ማራመድ፦ የ10 ሰከንድ ካርቱን በጅማ

በ1928 የታየው «ስቲምቦት ዊሊ» 8 ደቂቃ የማይሞላ ጥቁርና ነጭ ካርቱን ነው። ሚኪ ማውስ በዚያ ፊልም ላይ ክብ ራስ፣ ሁለት ክብ ጆሮ፣ እንደ ጎማ ቱቦ የሚታጠፍ እጅና እግር ነው፤ ኮምፓስ የያዘ ተማሪ ሊሥለው ይችላል። ተመልካቹን የያዘው እርምጃው፣ ፉጨቱና የሚመታው ዕቃ ሁሉ ከሙዚቃው ጋር እኩል መውደቃቸው ነበር። ዋልት ዲስኒና ባልደረቦቹ ምቱን በሜትሮኖም (እኩል ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ለክተው፣ እያንዳንዱ ምት ስንት ፍሬም (በፊልሙ ላይ የሚያልፍ አንድ ነጠላ ምስል) እንደሚወስድ አስቀድመው ጽፈው ነበር። እኛም ከዚያው እንጀምራለን፤ ቆጠራው ከተበላሸ የቱንም ያህል ያማረ ሥዕል አይጧን አያራምዳትም።

ቆጠራው

ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳልፋል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ካቆየነው በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል። በደቂቃ 120 ምት ላይ አንዱ ምት 12 ፍሬም፣ ማለትም 6 ሥዕል ነው። ለአንድ ምት አንድ እርምጃ ብንሰጥ ሁለቱ እግሮች ተራቸውን በ12 ሥዕል ይጨርሳሉ። ለ10 ሰከንድ 120 ሥዕል መሣል የለብንም፤ 12ቱን 10 ጊዜ እንደጋግማቸዋለን።

ድምፁ ቤት ውስጥ አለ፦ ሙቀጫና ዘነዘና። ቡና በደቂቃ 60 ጊዜ መውቀጥ ለክንድም ምቹ ነው፤ በየሁለት እርምጃው አንድ ምት ይደርሳል። የስልክ ሜትሮኖም 60 ላይ አድርጋችሁ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ ውቀጡ፤ በሌላ ስልክ 20 ሰከንድ ያህል ቅረጹ። ሙቀጫውን የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጡት፤ ባዶ ወለል ላይ ካረፈ ወለሉ ያስተጋባና ምቱ የሚጀምርበት ቅጽበት ይደበዝዛል። የተቆላ ቡና ይኑርበት፤ የባዶ ሙቀጫ ድምፅ ጆሮ ይወጋል።

ዕቃው

ትልቁ ጉዳይ ወረቀቶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ መቀመጣቸው ነው። የቢሮ ወረቀት መብሻ የሚበሳቸው ሁለት ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል 80 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ ስፋታቸው 6 ሚሊሜትር ያህል ነው። ለአናጢ 30 ሴንቲሜትር የሚረዝም ስስ ጣውላ አዝዙና በዚያው በ80 ሚሊሜትር ርቀት ሁለት ክብ ችካል ያስገባላችሁ። ጅማ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ስለሆነች ሠሪ አይቸግርም፤ ነገር ግን የተበሳውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ ልኩን በቃል አትንገሩ። ችካሉ በቀዳዳው ውስጥ ሳይጨናነቅም ሳይላላም መግባት አለበት። ከላላ አይጧ በየፍሬሙ ትንቀጠቀጣለች፤ ከጠበቀ ቀዳዳው ይቀደዳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ አሹት።

ስትበሱ ከ5 ወረቀት በላይ አትደርቡ። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ፣ የጎኑን መለኪያ ሳትነኩ ሁሉንም በአንድ ቁጭታ በስታችሁ ጨርሱ። በጅማ ክረምት ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ይሰፋል፣ ጠርዙም ይጥመለመላል። ትናንት የተሣለው ከዛሬው ጋር አልገጥም የሚለው በዚህ የተነሳ ነው። ሥራ ላይ ያልዋለውን ወረቀት በላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ ወደ ክፍሉ ካወጣችሁት በኋላም 12ቱን ሥዕሎች ሳታራዝሙ ጨርሱ።

ሥዕሉን ከወረቀት ወደ ወረቀት ለማስተላለፊያ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 30 በ40 ሴንቲሜትር መስታወት ጠርዙን አስከርክማችሁ በሁለት ወፍራም መጻሕፍት ላይ አጋድሙት፤ ሥሩ በቻርጅ የሚሠራ ኤልኢዲ መብራት፣ በመስታወቱና በሥዕሉ መካከል አንድ ነጭ ወረቀት። ችካሉን መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። ለመጨረሻው ሥዕል ፎቶ ኮፒ ቤት ለጥራዝ ሽፋን የሚሸጠውን ግልጽ ላስቲክ 20 ያህል ግዙ፤ ጭጋጋማውን ሳይሆን ጥርት ያለውን።

አይጧ

የራሳችሁን አይጥ ፍጠሩ፤ የሚኪን ጆሮና ቁምጣ መቅዳት ሥራውን ያሳንሰዋል። ሕጉን ግን ከዚያ ትውልድ ውሰዱ፦ ጆሮ ጭንቅላቱ ወዴትም ቢዞር ክብ ሆኖ ይቀራል። ራሷ 30 ሚሊሜትር፣ ጆሮዋ 18፣ ቁመቷ ሦስት ራስ ማለትም 9 ሴንቲሜትር ይሁን። ራሱንና ጆሮውን ከካርቶን ቆርጣችሁ እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቀሙ፤ በየሥዕሉ በነፃ እጅ ከተሣለ ራሷ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ዓይኖቹን ዝቅና ራቅ አድርጉ፣ ግንባሩን ሰፊ፣ አፍንጫውን ትንሽ። የምታሳዝን፣ የምትወደድ የሚያደርጋት ይህ የሕፃን ፊት ልክ ነው። እጇን ነጭ ተዉት፦ በ1929 ለሚኪ ነጭ ጓንት የተደረገለት ጥቁር እጅ በጥቁር ሰውነት ላይ ስለሚጠፋ ነበር።

አረማመዷ

በቅድሚያ ሥዕል 1ንና 7ን ሥሩ፦ እግሮቹ ተዘርግተው፣ የፊቱ ተረከዝ መሬት ሲነካ። 7 ማለት 1 ራሱ ነው፣ ግራና ቀኙ ተለዋውጠው። ቀጥሎ 4ንና 10ን፦ አንዱ እግር ቀጥ ብሎ ሌላው አጠገቡን ሲያልፍ። ከዚያ 2፣ 5፣ 8፣ 11፤ በመጨረሻ የቀሩትን። ከ1 እስከ 12 በተራ የሚሥል ሰው ወደ መጨረሻው ሲደርስ እግሩ ከ1 ጋር አይገጥምለትም።

የሰውነቱ ከፍታ ከሥዕል 1 አንጻር በሚሊሜትር እንዲህ ይሂድ፦ ሥዕል 2 ላይ 4 ዝቅ፣ 3 ላይ 2 ዝቅ፣ 4 ላይ 1 ከፍ፣ 5 ላይ 4 ከፍ፣ 6 ላይ 2 ከፍ፣ 7 ላይ ወደ ዜሮ። ከ8 እስከ 12 ይኸው ይደገማል። ይህ መውረድና መውጣት ከሌለ አይጧ ክብደት ያጣችና የምትንሳፈፍ ትመስላለች። ጆሮዎቹ ከሰውነቱ አንድ ሥዕል ይዘግዩ፦ ሰውነቱ 2 ላይ ከወረደ ጆሮው 3 ላይ ይውረድ፣ በ2 ሚሊሜትር ብቻ። ጅራቱ ደግሞ ከሥሩ ጀምሮ እስከ ጫፉ እየዘገየ ይከተል።

በጣም የሚያስቸግረው መንሸራተት ነው። አንድ እርምጃ 42 ሚሊሜትር አድርጉ። መሬት የያዘው እግር ከ1 እስከ 7 ድረስ በእያንዳንዱ ሥዕል በትክክል 7 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይሂድ፤ በማስመሪያ መሬቱ ላይ ነጥብ አድርጋችሁ ለኩ። አንዱ ቦታ 5፣ ሌላው 9 ከሆነ አይጧ በረዶ ላይ የቆመች ትመስላለች። በአየር ላይ ያለው እግር ግን እኩል መሄድ የለበትም፤ መሃል ላይ ይፍጠን።

ቀለም ከመንካታችሁ በፊት 12ቱን የእርሳስ ሥዕሎች በስልክ አንስታችሁ በሰከንድ 12 እያደረጋችሁ አዙሩ። «ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ» የተባለው መተግበሪያ ለዚህ ይበቃል። አንዱ ሥዕል ላይ ካነከሰች ያንን ብቻ አስተካክሉ። እዚህ ላይ የሚጠፋ ጊዜ አይቆጭም፤ ላስቲክ ላይ ከወጣ በኋላ ማረም የለም።

ላስቲኩ ላይ

ላስቲኩን በትንሽ ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ጠርጋችሁ አድርቁት፤ የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ቀለም አይዝም። መስመሩን በማይለቅ ቀጭን ማርከር ፊቱ ላይ፣ ቀለሙን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ ቀቡ፤ የብሩሹ ዱካና ከመስመር ያለፈው ከፊት በኩል አይታይም። ነጭ፣ ጥቁርና አንድ ግራጫ አክሪሊክ ይበቃል። ግራጫውን ለ12ቱም የሚበቃውን በአንድ ዕቃ በጥብጡት፤ በሁለተኛ ዙር የተበጠበጠ ግራጫ ከፊተኛው አይመሳሰልም፣ አይጧም ስትራመድ ትብለጨለጫለች። ቀለሙ ወፍራም ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስስ ሁለት ዙር ይሻላል።

መንገዱ

ከአይጧ ሥር የሚያልፈው መንገድ ተቀጣጥሎ 110 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ 18 የሚሰፋ ወረቀት ነው፦ 119 ጊዜ 7 ሚሊሜትር 83 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ ካሜራው የሚያየው 24 ይጨመርበታል። ከሂርማታ ገበያ ወደ ጅሬን የሚወስደውን መንገድ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት ጋር ብትሥሉት ያምራል፤ ፈዘዝ ባለ ግራጫ ይሁን፣ ጥቁር መስመር ከአይጧ እግር ጋር ይጋጫል። በታችኛው ጠርዝ በየ7 ሚሊሜትሩ ምልክት አድርጉና ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች እየደጋገማችሁ ጻፉ። ቁጥሩ ቀጥሎ የሚቀመጠውን ላስቲክ ስለሚነግራችሁ ስልክ ቢጠራም ቆጠራ አይጠፋም።

ቀረጻው

ስልኩን የሚሸከመው ጠረጴዛ 40 ሴንቲሜትር ቁመት ይኑረው፣ መሃሉ ላይ ለሌንስ 5 ሴንቲሜትር ቀዳዳ። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ አስታውሱ፤ ሦስት እግር ባልተስተካከለ ወለል ላይም አይወዛወዝም፣ እንደዚያው አሠሩት። መሬቱ ላይ ችካሉን ለጥፉ፣ መንገዱን በሁለት የካርቶን ጠርዞች መካከል አሳልፉ፣ ላስቲኩን ደርቡ፣ ከላይ ንጹሕ መስታወት ጫኑበት፤ ችካሎቹ ከመስታወቱ ውጭ ይቅሩ። አይጧ ወደ ቀኝ ከሄደች መንገዱ ወደ ግራ ይሳባል።

መብራቶቹ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይብሩ፤ ከስልኩ ሥር ሌንሱ ብቻ የሚያይበት ጥቁር ጨርቅ ዘርጉ፣ አለበለዚያ መስታወቱ ስልኩን ያሳያል። መጋረጃ ዝጉ፦ ደመናው በሚቀያየርበት ከተማ የመስኮት ብርሃን ፊልሙን ያርገበግበዋል። ኃይል ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰዓት በቻርጅ መብራት ሥሩ። የመስመር ኤሌክትሪክ ከተጠቀማችሁ ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ (ሸተር) ከ1/50 ወይም ከ1/100 ሰከንድ አታዛንፉት፤ የመብራቱ መርገብገብ 50 ኸርዝን ይከተላል። ፎከስ፣ ብርሃንና የቀለም ሚዛን ይቆለፉ። ስልኩን በጣት አትንኩት፣ በጆሮ ማዳመጫው የድምፅ ቁልፍ አንሱ። ሁልጊዜ አንድ ላስቲክ ብቻ ይኑር፤ አንድ ቦታ ሁለት ከተደረበ ያ ፍሬም ይጨልማል።

120ው ምስል በአንድ ቁጭታ ያልቅ። ከዚያ የውቀጣውን ድምፅ አምጥታችሁ የመጀመሪያውን ምት ሥዕል 1 ላይ፣ ተረከዙ መሬት በነካበት አስቀምጡ። ጆሮ ከምስሉ ትንሽ የዘገየ ድምፅን ይታገሣል፣ የቀደመን ግን ወዲያው ያውቃል፤ ከተጠራጠራችሁ አንድ ፍሬም አዘግዩት። መጨረሻ ላይ ከረገጣው እየራቀ ከሄደ ውቀጣው ከ60 ሸርተት ብሏል ማለት ነው፤ ከቅጂው የተስተካከለ አንድ ምት ቁረጡና በየ24 ፍሬሙ አስቀምጡት።