የአይጥን እናትነት በቆርኪ ማስረዳት

ባህር ዳር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የወላጅ ማኅተም ያረፈባቸውን ጂኖች፣ ማለትም ከእናት ወይስ ከአባት እንደመጡ ታይቶ የሚነበቡትን ወይም ዝም የሚሉትን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ በቀስት አስረዳሁ። ተማሪዎቼ ዝም አሉ። ገብቷቸው መስሎኝ ነበር፤ ፈተናው አጋለጠኝ።

አሁን ጣና ዳር ካለ አንድ ቤት ቆርኪ እለምናለሁ። አስተናጋጁ «ቲቸር ደግሞ መጣ» ብሎ በፌስታል ይሰጠኛል። አራት ይበቃል፤ ስለሚጠፋ ግን ስድስት ያዙ። ሦስት ሰሃን ጨምሩ፦ ለእናት፣ ለአባት፣ ለልጅ። አንድ ቆርኪ የጂኑ አንድ ቅጂ ነው፤ እያንዳንዱ አይጥ ሁለት አለው፣ አንዱ ከእናቱ፣ አንዱ ከአባቱ። አንዱን ቆርኪ በድንጋይ ሰርጉዱት። እሱ የተበላሸው ጂን ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ቀና ያለ ቆርኪ ይነበባል፣ የተደፋ ዝም ይላል። ዝም የሚያሰኘው ዲኤንኤው ላይ የሚለጠፍ ሜቲል የሚባል ምልክት ነው፤ ፊደሉ አይቀየርም። ፔግ 3 በሚባለው ጂን የሚነበበው ከአባት የመጣው ነው። ከእናት የመጣውን ድፉት።

እናቲቱን አይጥ ሥሩ። ከአባቷ የወረሰችው የተሰረጎደው ይሁን፤ ቀና አድርጉት። ያላት የሚነበብ ቅጂ እሱ ብቻ ነው። በ1999 (እንደ ፈረንጆች) በወጣ ጥናት እንዲህ ያሉ እናቶች ጎጆ መሥራት ሰነፉ፤ ተበትነው የተቀመጡ ልጆቻቸውን በአፋቸው ለቅመው ወደ ጎጆ ለመመለስም ዘገዩ። አንጎላቸው ውስጥ ኦክሲቶሲን የሚባለውን፣ ከእናትነት ጋር የተያያዘ ሆርሞን የሚሠሩ ሕዋሳትም አንሰው ተገኙ።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጤነኛ አባት ስጧትና ትውለድ። የተሰረጎደውን ከሰሃኗ አንስታችሁ ወደ ልጁ ሰሃን ስትወስዱት ገልብጡት። (የሚሄደው ቅጂ ነው፤ ደግሞም ለግማሾቹ ልጆች ብቻ ይደርሳል።) አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ቆርኪው እኮ ያው ነው!» አለችኝ። አዎ፣ ያው ነው። ግን አሁን የመጣው ከእናት ስለሆነ ተደፍቷል። ከአባቱ ያገኘው ጤነኛ ቆርኪ ቀና ብሏል፤ ልጁ ደህና ነው። ስለዚህ እናቲቱ ልጇን ችላ ካለች «ልጁ ደካማ ሆኖ ነው» ማለት አይቻልም።

አሁን የተሰረጎደውን ለአባትየው ስጡ። እናት ጤነኛ፣ ልጅ ደካማ፤ በደንብ አይጠባም፣ አያድግም። ይኼን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይገልብጡት። እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ።

ከዚያ ሳትደብቁ ንገሯቸው፦ በ2016 ሌሎች ተመራማሪዎች ይህንኑ ጂን በሌላ መንገድ አበላሽተው ሲሞክሩ እናቶቹ ደህና ሆነው ተገኙ። እኔም ጂኑ የእናትን ጠባይ «ይነካል» ማለት ትቼ «ሳይነካ አይቀርም» እላለሁ።

ጂአርቢ 10 የሚባለውን ሌላ ጂን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ሁለት ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ አንዱ ለአንጎል፣ ሌላው ለቀረው አካል። አንጎል ውስጥ የአባት ቅጂ ይነበባል፣ በአብዛኛው ሌላ አካል ግን የእናት። በ2011 በወጣ ጥናት የአባት ቅጂ የተበላሸባቸው አይጦች ጠባብ ቱቦ ውስጥ ፊት ለፊት ሲገናኙ መንገድ አልለቅም አሉ። ክፍል ውስጥ ይኼን የምናሳየው በወንበሮች መካከል ሁለት ልጆች አቁመን ነው። ቦርሳ ከመሬት አስነሱ፤ ባለፈው አንዱ ተደናቅፎ ወድቆብኛል።