ጅማ ላይ የቅባትና የክሬም ሥራ እንዴት ይጀመራል?

የከንፈር ቅባት፣ የፀጉር ቅባት ወይም የእጅ ክሬም ሠርተው ለመሸጥ የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚጠይቁት ስለ ማደባለቂያ ማሽን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሚዛን ግዙ እላለሁ። 0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። በማንኪያና በብርጭቆ የተለካ ቅባት ዛሬ ቢያምር ነገ አይደገምም። ደንበኛ ደግሞ ተመልሶ የሚመጣው ያንኑ ለመግዛት ነው።

ቀጥሎ ቴርሞሜትር፣ ሁለት የስቴንለስ ድስት፣ የጎማ ማንኪያና የእጅ ብሌንደር ያስፈልጋል። የአሉሚኒየም ድስት ይቅር። ዕቃውን ሁሉ በሳሙና አጥባችሁ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉት። አልኮሉ ሳይደርቅ እሳት አጠገብ እንዳትደርሱ።

የመጀመሪያ ምርታችሁ ውሃ የሌለበት ይሁን። ባክቴሪያና ሻጋታ ያለ ውሃ አይራቡም፤ ስለዚህ ለጀማሪ ከቅባት የተሻለ መነሻ የለም። ጅማ ደግሞ የማርና የሰም አገር ናት። ጠጅ የሚጥሉ ሰዎች ሰፈፉን ይሸጣሉ። ሰፈፉን ከውሃ ጋር አቅልጡት፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፣ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የረጋውን ሰም አንሱና ከሥሩ የያዘውን ቆሻሻ ፋቁት። ጌሾ ጌሾ የሚል ከሆነ ድገሙት። በደንብ ሳይደርቅ አትጠቀሙበት።

ለ100 ግራም ቅባት 20 ግራም ሰምና 80 ግራም የሰሊጥ ወይም የሱፍ አበባ ዘይት መዝኑ። ውሃ የሞላ ድስት ጥዳችሁ ሁለተኛውን ድስት በላዩ አድርጉ እንጂ ሰምን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ሲቀልጥ አንድ ጠብታ በቀዘቀዘ ሳህን ላይ ጣል አድርጉና በጣት ሞክሩት። ከደረቀባችሁ ዘይት፣ ከለሰለሰባችሁ ሰም ጨምሩ፤ የጨመራችሁትን ግራም ግን ወዲያው ጻፉ። ቅባቱ ወደ ቆላ የሚላክ ከሆነ ሰሙ ትንሽ ከፍ ይበል። ለዚህ ሥራ ብሌንደር እንኳ አያስፈልግም።

የቡና ሽታ የምትፈልጉ ከሆነ ደረቅ የተፈጨ ቡና በዘይት ውስጥ አድርጋችሁ፣ በፈላ ውሃ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ካሞቃችሁ በኋላ አጥልሉ። ከጀበና የወጣ እርጥብ አተላ ግን አይሆንም፤ ይሻግታል።

ክሬም ሌላ ነገር ነው። ውሃ ሲገባ ሁለት ነገር ግድ ይላል፦ ዘይትና ውሃን የሚያጣብቅ ኢመልሲፋይንግ ዋክስ እና እንዳይበላሽ የሚያደርግ ማቆያ። የንብ ሰም ብቻውን አያጣብቅም። ማር፣ ቫይታሚን ኢ ወይም ሎሚ ማቆያን አይተኩም። ሎሚማ የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥል ይችላል። «ኬሚካል የለውም» ለማለት ሲባል ማቆያን መተው ሰው ፊት ላይ ባክቴሪያ መቀባት ነው።

ለ100 ግራም ክሬም መነሻዬ ይህ ነው፦ 75 ግራም የተጣራ ውሃ፣ 15 ግራም ዘይት፣ 6 ግራም ኢመልሲፋይንግ ዋክስ፣ 3 ግራም ግሊሰሪን፣ 1 ግራም ማቆያ። የማቆያው መጠን እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ የሻጩን መመሪያ እዩ። ፊኖክሲኢታኖል ከሆነ ከ1 በመቶ አይለፍ። ውሃው ዲስቲልድ፣ ማለትም ተኖ እንደገና የተጠራቀመ፣ ይሁን። የመኪና ዕቃ ሱቅ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ አሲድ ሊኖረው ስለሚችል አትንኩት።

ውሃውንና ግሊሰሪኑን በአንድ ድስት፣ ዘይቱንና ዋክሱን በሌላው አድርጋችሁ ሁለቱንም ከ70 እስከ 75 ዲግሪ አድርሱ። አንዱ ከቀዘቀዘ ዋክሱ ይረጋና ክሬሙ ይጓጉላል። ተኖ የቀነሰውን ውሃ መዝናችሁ በሙቅ ውሃ ተኩ። ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ ጨምሩ። የብሌንደሩን ራስ ፈሳሹ ውስጥ ካጠለቃችሁ በኋላ አብሩት፤ ላይ ላዩን ከሆነ አየር ያስገባል። ለ20 ሰከንድ ያህል አሠርታችሁ በማንኪያ አማስሉ፣ ደግሞ አብሩት። መሃል ላይ መብራት ከሄደ አትደንግጡ፤ ማቆያ ካልገባ መልሳችሁ እስከ 70 ዲግሪ አሙቁና ቀጥሉ። ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ ማቆያውን ጨምሩ። በመጨረሻ ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነቱን መጠን፣ በፒኤች መለኪያ ወረቀት ለኩ፤ ከ5 እስከ 6 መካከል ይሁን።

ወደ ብዙ ስትሄዱ አሥር እጥፍ ማድረግ ብቻ አይበቃም። ትልቅ ድስት ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው፤ እስኪቀዘቅዝም መማሰል አለበት። እስከ 1 ወይም 2 ኪሎ ድረስ የእጅ ብሌንደር ያስኬዳል። ከ5 ኪሎ በላይ ግን ሆሞጅናይዘር፣ ማለትም ዘይትና ውሃን አድቅቆ የሚያዋህድ ማሽን፣ ለማቀዝቀዣው ጊዜ ደግሞ ፍጥነቱ የሚስተካከል የሞተር ማማሰያ ያስፈልጋል። ሽያጩ ሳይኖር ግን ማሽኑን አትግዙ።

ከእያንዳንዱ ዙር ሦስት ብልቃጥ አስቀሩ። አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን ፍሪጅ ውስጥ፣ አንዱን መደርደሪያ ላይ አድርጋችሁ ለሦስት ወር ተከታተሉ። ውሃ ከለየ፣ ቀለሙ ወይም ሽታው ከተለወጠ ቀመሩን አስተካክሉ። ኮስሞቲክስ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ስለሆነ፣ ለገበያ ከማውጣታችሁ በፊት ስለ ፈቃዱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ጠይቁ። ብልቃጡ ላይ የገባውን ሁሉ፣ ክብደቱን፣ የተሠራበትን ቀንና የዙሩን ቁጥር ጻፉ። አንዲት ደንበኛ ቆዳዋን ቢያሳክካት ከየትኛው ዙር እንደሆነ አውቃችሁ የቀረውን ከየሱቁ መሰብሰብ የምትችሉት በዚያ ቁጥር ነው።