የድሮ የድንጋይ ቤት ለምን አይሞቅም? ችግሩና መፍትሄው

ሂተሩ ሲሠራ ይውላል፣ የቤቱ ሰው ግን ኮቱን አያወልቅም። የድሮ የድንጋይ ቤት ነዋሪዎች ቅሬታ ይኸው ነው። ብዙዎች ቶሎ የሚያስቡት ግድግዳውን ሙቀት የሚይዝ ፎም ማልበስ ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ግድግዳው የማይሞቀው ውሃ ስለያዘ ነው፤ ፎሙ ይህን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። መጀመሪያ ቤቱ ይድረቅ፣ ቀጥሎ ነፋሱ ይዘጋ፣ ከዚያ ጣሪያው ይሠራ። ግድግዳው የመጨረሻው ነው።

«ግድግዳው ይረጥባል፣ ቀለሙ ይላጣል»

እርጥበቱ የት እንዳለ በደንብ ተመልከቱ። ቦታው ምንጩን ይናገራል። ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ከሆነ ውሃው ከመሬት ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ ውጭ ያለው አፈር በዓመታት ብዛት ተከምሮ ከቤቱ ወለል በላይ ሆኗል። ላይኛው ማዕዘን ላይ ከሆነ አሸንዳውን እዩት፤ ተደፍኗል ወይም ተቀዷል። ከዝናብ በኋላ መሃል ላይ የሚወጣ ከሆነ የድንጋዮቹ መጋጠሚያ ተከፍቷል። በብርድ ወቅት ቁም ሳጥን ጀርባ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን ውሃው የራሳችሁ ነው፤ ከትንፋሽ፣ ከማብሰልና ከልብስ ማስጫ የመጣ እንፋሎት ነው።

ካልለየላችሁ አንድ ቁራጭ የአሉሚኒየም ፎይል ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በሚለጠፍ ፕላስተር አሽጋችሁ ለጥቂት ቀናት ተዉት። ክፍሉን የሚያየው ፊት ጠብታ ካወጣ እንፋሎት ነው። ግድግዳውን የሚነካው ጀርባ ከረጠበ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው።

ከግድግዳው ከሆነ አንድ ተጠርጣሪ አለ፦ ሲሚንቶ። የድሮ ግንብ በኖራ ወይም በጭቃ የተገነባ ነው። የገባበት እርጥበት በመጋጠሚያው በኩል ቀስ እያለ ይተናል። በኋላ «ለማጠናከር» ተብሎ በሲሚንቶ ሲለሰን ወይም ፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ መውጫው ይዘጋል። ሲሚንቶው ግን ይሰነጠቃል። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፣ መመለሻ ያጣል። ውሃ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከረጋ አየር 25 ጊዜ ያህል በላቀ ሁኔታ ነው። እርጥብ ልብስ ለብሶ የሚሞቀው ሰው የለም፤ ቤቱም እንደዚያው ነው።

መፍትሄው፦ አሸንዳውን ጠግኑ። ውጭ ያለውን አፈር ከወለሉ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ተዳፋቱን ከቤቱ አርቁት። ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ፣ በእጅ፣ በትዕግሥት አንሱት። ማሽን የድንጋዩን ጠርዝ ይሰብራል። የላላውን መጋጠሚያ ጠርጋችሁ፣ በውሃ አርሳችሁ፣ በኖራ ሙሉት፤ አንድ እጅ ኖራ ለሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጅ አሸዋ። ፀሐይና ነፋስ እንዳያደርቀው ለጥቂት ቀናት በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ከዚያ ጠብቁ። ወፍራም ግድግዳ እስኪደርቅ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ምንም ነገር አትለጥፉበት።

«ቴርሞሜትሩ 20 ዲግሪ ይላል፣ እኔ ግን ይበርደኛል»

ቴርሞሜትሩ አልተሳሳተም፣ እናንተም አልተሳሳታችሁም። ሰውነት የአየሩን ሙቀት ብቻ ሳይሆን የግድግዳውንም ነው የሚለካው። አየሩ 20፣ ግድግዳው 14 ዲግሪ ከሆነ የሚሰማችሁ ወደ 17 ይጠጋል። አልጋና ሶፋን ከውጭ ግድግዳ አርቁ። ቁም ሳጥን ከሆነ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑረው፤ አለዚያ ሻጋታ ያበቅላል።

ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ካለ ዝቅተኛ ግን የማይቋረጥ ሙቀት ይሻላል። ድንጋይ ለመሞቅ ሰዓታት ይፈልጋል፣ ከሞቀ በኋላም ቶሎ አይቀዘቅዝም። ማታ ብቻ የምትገቡ ከሆነ ግን ግንቡን ለማሞቅ አትድከሙ፤ ሰውን በቀጥታ የሚያሞቅ ሂተር አጠገባችሁ ይበቃል።

«ከየት እንደሆነ የማይታወቅ ነፋስ ይገባል»

ነፋሻ ቀን ምረጡ። ሻማ ለኩሳችሁ፣ ከመጋረጃ እየራቃችሁ፣ በበር ሥር፣ በመስኮት ዙሪያ፣ በኮርኒስ ጠርዝ አሳልፉት። ነበልባሉ የተኛበት ቦታ ቀዳዳ አለ። በሩና መስኮቱ የሚገጥሙበትን በጎማ፣ በመስኮቱና በድንጋዩ መሃል ያለውን ሰፊ ክፍተት በኖራ ዝጉ። የማትጠቀሙበት ጭስ ማውጫ ቀን ከሌት ሙቀት የሚመጥ ቱቦ ነው፤ ድፈኑት፣ ግን ውስጡ እንዳይረጥብ ትንሽ መተንፈሻ ተዉለት።

ይህን በጣም አደራ፦ እንጨት፣ ከሰል ወይም ጋዝ የሚነድበት ክፍል ንጹሕ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ሊኖረው ግድ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ግጠሙ።

«ማታ ያሞቅነው ጠዋት የለም»

ወደ ላይ ሄዷል። ከኮርኒሱ በላይ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራ፣ ሙቀት የሚይዝ ቃጫ) ወይም ሌላ ቃጫ አንጥፉ። በጣሪያው ጠርዝ አየር የሚያልፍበትን አትድፈኑ። ለገንዘባችሁ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ሥራ የለም። ለመስኮቱ ደግሞ ማታ የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ፣ ወፍራም መጋረጃና ከውስጥ የሚገጠም ሁለተኛ መስታወት ብዙ ይረዳሉ። ጤነኛ የድሮ መስኮት ነቅሎ መጣል ያሳዝናል።

«ግድግዳውን አለበስነው፣ አሁን ቤቱ ይሸታል»

ግድግዳ ማልበስ ስህተት አይደለም። 60 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ሙቀትን የሚገታው 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ፎም ያህል ብቻ ነው። ችግሩ አለባበሱ ላይ ነው። 20 ዲግሪና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 12 ዲግሪ የሆነ ነገር ሲነካ ውሃ ያወጣል። ከፎሙ ጀርባ ያለው ድንጋይ ከበፊቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በመሃል ክፍተት ካለ የክፍሉ አየር ሾልኮ ይገባና እዚያው ይረጥባል።

የተለጠፈውን አንሱ፣ ግድግዳው ይድረቅ። ከዚያ እርጥበት የሚያስተነፍስ ነገር ተጠቀሙ፤ ለምሳሌ ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ቃጫ ሰሌዳ። በኖራ ልስን ላይ ክፍተት ሳይኖር ሙሉ በሙሉ ይጣበቅ፣ ላዩም በኖራ ይለሰን። ይህ ብቻ በግድግዳው የሚባክነውን ሙቀት ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ይበልጥ ማወፈር ያጓጓል፣ ግን ድንጋዩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበሩ አግዳሚ እንጨቶች ካሉ ደግሞ ጫፋቸው እንዳይበሰብስ ከመሸፈናችሁ በፊት በሹል ነገር ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ፈትሹ። ሹሉ በቀላሉ ከሰመጠ መጀመሪያ እንጨቱ ይቀየር።