ዋርድ ስትገቡ፦ የነርስ ተማሪ ታካሚን ከስህተት እንዴት ይጠብቃል?

የነርስ ተማሪ መጀመሪያ ዋርድ፣ ማለትም ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል፣ ሲገባ የሚያስጨንቀው መርፌ ነው። ደም ሥር ባላገኝስ? እጄ ቢንቀጠቀጥስ? እሱ በልምምድ ይመጣል። ታካሚን ክፉኛ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የታለፈ ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ብትመደቡም፣ መሐል ሜዳም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ ከመሥራታችሁ በፊት መጠየቅን ልመዱ።

እጃችሁን ታጠቡ

በውኃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። ታካሚን ከመንካታችሁ በፊትና በኋላ፣ እንደ መርፌና ቁስል ማጠብ ካለ ሥራ በፊት፣ ደም ወይም የሰውነት ፈሳሽ ከነካችሁ በኋላ። የሚረሳው አምስተኛው ነው፦ ታካሚውን ሳትነኩ አልጋውን ወይም ኮመዲኖውን ብቻ ነክታችሁ ስትሄዱም መታጠብ አለባችሁ። ጓንት መታጠብን አይተካም። በኅዳር ጠዋት የደብረ ብርሃን ውኃ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ታጠቡ።

ስሙን ራሱ ይንገራችሁ

«ወይዘሮ አስካለ ነዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ከመንዝ የመጡ ጆሯቸው የደከመ እናት ሐኪም ቤት ውስጥ ለተጠየቁት ሁሉ «አዎ ልጄ» ይላሉ። ላለማስቸገር ብለው ነው። ይልቅ «እማማ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» በሉ። የነገሯችሁን ከካርዱ ጋር አስተያዩ። የአያት ስምና የካርድ ቁጥርም ጨምሩበት፤ አንድ ዋርድ ውስጥ ስማቸው ከነአባታቸው የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች ሊተኙ ይችላሉ። የልደት ቀን ብዙ አይረዳችሁም፣ ብዙ አዛውንት ቀኑን በትክክል አያውቁትም።

ሌላም ነገር አለ። አስታማሚው በቤት ስም ይጠራቸዋል፣ ካርዱ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ይህ ሲያጋጥማችሁ አጣሩ፣ በግምት አትለፉ። የአልጋ ቁጥር ደግሞ መለያ አይደለም። ፀሐይ ፍለጋ ወደ መስኮቱ አልጋ የሚቀይር ታካሚ አለ። መናገር የማይችል ከሆነ አስታማሚውን ጠይቁና ካርዱን እዩ።

ስትለኩ እውነቱን ለኩ

የደም ግፊት ከመለካታችሁ በፊት ታካሚው 5 ደቂቃ ይረፍ። ቡና ጠጥቶ ከሆነ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ካፉን (ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን የግፊት መለኪያ ጨርቅ) በሹራብ ላይ አትጠምጥሙ፤ ክንዱ ይራቆት፣ በልብ ከፍታ ይደገፍ። የኦክስጅን መለኪያውን የቀዘቀዘ ጣት ላይ ካደረጋችሁት ወይ አያነብም ወይ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። ጣቱን አሙቁ፣ የጥፍር ቀለም ካለ አስለቅቁ።

ትንፋሽ ስትቆጥሩ አትናገሩ፤ ሰው እንደሚታይ ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣል። ልክ የልብ ምት እንደምትቆጥሩ የእጁን አንጓ ይዛችሁ፣ ጋቢውን ገለጥ አድርጋችሁ ደረቱን ሙሉ 1 ደቂቃ ተመልከቱ። የአዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20፣ የልብ ምት ከ60 እስከ 100 ነው። ቻርት (የታካሚው መከታተያ ወረቀት) ላይ የሁሉም ታካሚ ትንፋሽ 20 ሆኖ ካያችሁ ማንም እንዳልቆጠረ ጠርጥሩ።

ትኩሳት ስታገኙ አንድ ጥያቄ አክሉ፦ «ሰሞኑን ቆላ ወርደው ነበር?» ከጣርማበር በታች ያለው አገር ወባ አለበት። ሸዋ ሮቢት ወርዶ የተመለሰ ደገኛ ደብረ ብርሃን ላይ ሲታመም ብርድ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት

ትክክለኛ ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ የሚሰጥበት መንገድ፣ ሰዓት። ይህን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። የመድኃኒቱን ስም ሦስት ጊዜ አንብቡ፦ ስታነሱ፣ ስትቀዱ፣ አልጋው ጋ ቆማችሁ። «መድኃኒት ወስደው አሳክኮዎት ወይም አብጠው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ በሲሪንጅ ቀጥታ ደም ሥር አይሰጥም፤ ልብ ያቆማል።

ሰዓቱ ላይ ቆም በሉ። ቻርት ላይ 8:00 የተባለው ጠዋት 2 ሰዓት ነው ወይስ ከቀኑ 8? በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል 6 ሰዓት አለ። በየ6 ሰዓቱ ለሚሰጥ መድኃኒት ይህ ልክ የአንድ ዶዝ ርቀት ነው። አንዷ ነርስ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ከጻፈ ታካሚው ወይ ይደገምበታል ወይ ይዘለልበታል። ዋርዱ የትኛውን እንደሚጠቀም የመጀመሪያውን ቀን ጠይቁ።

ቀጥሎ ጾም። በዐቢይ ጾም ታመውም እስከ 9 ሰዓት ምንም የማይቀምሱ ታካሚዎች አሉ። ኢንሱሊን ከመስጠታችሁ በፊት «ዛሬ ምን ቀመሱ?» በሉ። ትራስጌ ሳህን ስላያችሁ በልተዋል ማለት አይደለም። ካልበሉ ስኳራቸው ይወርዳል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስም ራስን መሳት። አልበሉም ከሆነ መርፌውን አቆዩና ለኃላፊዋ ሲስተር ወይም ለሐኪሙ ንገሩ። በጾማቸው አትከራከሯቸው። «የነፍስ አባትዎን አማክረው ነበር?» ማለት ይሻላል።

መርፌውና አልጋው

የተጠቀማችሁበትን መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ፤ ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሣጥን) ውስጥ ጣሉት። ቢወጋችሁ አትጭመቁት። በውኃና በሳሙና እጠቡና ወዲያው ተናገሩ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ቶሎ መጀመር አለበት፣ ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም። መምህሬ ይቆጣኛል ብላችሁ አትደብቁ።

መንቀሳቀስ የማይችል ታካሚ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ። አስታማሚውን አሳዩት፣ ሌሊት ከጎኑ ያለው እሱ ነው።

ስታስረክቡ

ዲውቲ (ተራችሁን) ስትጨርሱ ከቢሮ ሳይሆን አልጋው ጋ ቆማችሁ አስረክቡ። ታካሚው ተለውጦ ካያችሁት ተማሪ ነኝ ብላችሁ ዝም አትበሉ። «ትንሽ ደክመዋል» አትበሉ። «ጠዋት ትንፋሻቸው 18 ነበር፣ አሁን 28 ቆጥሬያለሁ፤ መጥተው ይዩልኝ» ስትሉ ሐኪሙ ከወንበሩ ይነሳል። ካልመጣ ለኃላፊዋ ሲስተር ንገሩ፣ የነገራችሁበትንም ሰዓት ቻርቱ ላይ ጻፉ።